ክቡር አቶ ኡርጌሳ እና የጉዲና ፒክአፕ

የመኪና ኮፈን በተከፈተበት ሁሉ ያልተጠራ አንድ ሽማግሌ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ መቆሙ አይቀርም። ለቀጨኔ ሰፈር የተመደቡት ክቡር አቶ ኡርጌሳ ናቸው። ሠላሳ ዓመት የመሥሪያ ቤት ሾፌር ነበሩ፤ ጡረታ የወጡት ከመንዳት እንጂ ከምርመራ አይደለም። «ዝም በል፣ ልስማው» ይላሉ፤ ዝም የሚለው ባለመኪናው ነው። የወይዘሮ አበራሽ ፍሪጅ ሲንቀጠቀጥ ሰምተው «ካርቡሬተሩ ነው» ያሉ እሳቸው ናቸው። ፍሪጅ ካርቡሬተር እንደሌለው ሲነገራቸው «ታዲያ ለምን ሠሩት?» ብለው ጥፋቱን ለፋብሪካው ሰጡት።

ጉዲና የሸክላ ዕቃ የሚያመላልሰው በዕድሜ በሚበልጠው ፒክአፕ ነው። አንድ ሰኞ ሞተሩ ቋ ቋ ማለት ጀመረ። አቶ ኡርጌሳ ኮፈኑ ሳይከፈት ደረሱ።

«የውሃ ፓምፕ ነው።»

«ጋሼ፣ ድምፁ ከታች የሚመጣ ይመስለኛል።»

«ለማያውቅ ሰው እንደዚያ ነው የሚመስለው። ፓምፑን ሳትቀይር ጭነህ ዳገት እንዳትወጣ።»

ጉዲና ቀየረው። ሞተሩ ቋ ቋ ማለቱን ቀጠለ። «የገጠሙልህ ፓምፕም የማይረባ ነው» ብለው እገዳውን አራዘሙት። በየጠዋቱ መጥተው መኪናው አፍንጫ ሥር ይቀመጣሉ፤ ሽማግሌ ገጭቶ መሄድ ደግሞ አይቻልም። ሳምንቱ እንዲሁ አለፈ፤ እንስራው ሁሉ በረንዳ ላይ ተከምሮ ቀረ። በመጨረሻ ጉዲና በሌላ መኪና አስጎትቶ ዊንጌት ያለው የሬድዋን ጋራዥ ወሰደው። አቶ ኡርጌሳ ጋቢና ገብተው ተቀምጠው ነበር።

ሬድዋን ከሞተሩ ሥር ገብቶ ሲፈታ ቆየና የብረት ስባሪ የሚመስል ነገር ይዞ ወጣ። «ብሮንዚኑ አልቋል። ዘንጉ ይኸን ተደግፎ ነው የሚዞረው፤ እየው፣ መዳቡ ወጥቷል። ፓምፑ ግን ምንም አልነበረም፤ አሮጌውም ደኅና ነበር።»

ጋራዡ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ወደ አቶ ኡርጌሳ ዞረ። መነጽራቸውን አድርገው ብረቱን አገላብጠው አዩት፤ መልሰው ሬድዋን መዳፍ ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ወጥተው ታክሲ ያዙ።

ሬድዋን ዘንጉን ለክቶ ራሱን ነቀነቀ። «ተርፏል። በዚህ ሁኔታ ጭነህ አንድ ዳገት ብትወጣ ኖሮ ሞተሩ አልቆለት ነበር። ሳምንት ሙሉ ቆሟል አልከኝ፤ ማን ነው እንዳትነዳ የከለከለህ?»

ጉዲና ወደ በሩ አየ። ታክሲው ሄዷል።

አዲስ ብሮንዚን ገባ፤ ሞተሩ ጸጥ አለ። ሰፈሩም ጸጥ አለ። የመጀመሪያውን ቀን ጉዲና እንደ ዕረፍት ቆጠረው። በሁለተኛው ቀን ዘይት ሲለካ «በዛ» የሚለው ሰው አጣ። በሦስተኛው ቀን ጎማ ሲቀይር ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ዞር ብሎ ሲፈልጋቸው ራሱን ታዘበ።

በአራተኛው ቀን ፒክአፑን አቶ ኡርጌሳ ደጃፍ አቆመ፤ ሞተሩን አላጠፋም፣ ጥሩንባም አላሰማም። ከብዙ ቆይታ በኋላ በሩ ገርበብ አለ። ሽማግሌው ጋቢ ደርበው ቆመዋል።

«ጋሼ፣ ሬድዋን ያላየው ነገር ያለ መሰለኝ» አለ ጉዲና። ምንም ነገር አልነበረም።

አቶ ኡርጌሳ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ።

«ማርሹ ነው።»

«እኔም ጠርጥሬ ነበር» አለ ጉዲና የጋቢናውን በር እየከፈተላቸው። «ይግቡ፤ እየሄድን በደንብ ይስሙት።»