የጓድ ሊቀ መንበር ፊትና የጠፋው ዘይት

ታላላቅ ሰዎች በሥራቸው ይታወቃሉ። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጓድ ወልደጻድቅ ግን፣ ሥራቸው እስኪታወቅ ድረስ፣ በፊታቸው ይታወቁ ነበር። የድሬዳዋ ፀሐይ ማንንም አትምርም፤ የእሳቸው ፊት ግን ገና ፀሐይዋ ሳትወጣ ያበራል። ግንባራቸው ላይ ያረፈች ዝንብ ተንሸራታ አፍንጫቸው ላይ ትደርሳለች። በዚያ ላይ ብጉሩ! አንዱ ሳይፈርጥ ሌላው ይተካል፤ የኮሚቴ አባል እንዲህ ቶሎ ቶሎ ቢተካ የት በደረስን። ስለ ጉዳዩ ሲጠየቁ፣ «ይህ የወዛደር ወዝ ነው» ይሉ ነበር። እኔም የቀበሌው ጸሐፊ እንደ መሆኔ ቃላቸውን ሳላዛንፍ በቃለ ጉባኤ አስፍሬዋለሁ።

ችግር የመጣው ዘይት ሲጠፋ ነው። ከክረምት ወዲህ በቀበሌው ሱቅ የምግብ ዘይት የሚባል ነገር አልታየም። «ዘይቱ በመንገድ ላይ ነው» የሚል መግለጫ ተሰጠን፤ አመንን። ቀፊራ ገበያ ሳምቡሳ ጠብሳ ልጆቿን የምታሳድገው ሰርካዲስ ግን እምነት ጎደላት። መጥበሻዋን ይዛ በየማለዳው ወረፋ ትመጣለች፤ ደፍታው ትቀመጥበታለች። አንድ ቀን ሊቀ መንበሩ በወረፋው አጠገብ ሲያልፉ፣

«ዘይቱ መጣ!» አለች።

«የት አለ?» አለ ወረፋው ከመቀመጫው ብድግ ብሎ።

«ይኸው፣ በግንባራቸው እያለፈ ነው።»

ወረፋው ሳቀ። ሳቅ ያለ ኩፖን የሚገኝ ነገር ስለሆነ ቶሎ ተዳረሰ፤ ሐረር ድረስ ተሰማ። ብዙም ሳይቆይ፣ «ፊት አይቶ ሌባ የሚለይ ተቆጣጣሪ ሊመጣ ነው» የሚል ወሬ ከሐረር የደንገጎን ቁልቁለት ወርዶ እኛ ዘንድ ደረሰ። ጓድ ወልደጻድቅ ደነገጡ። ሲደነግጡ ያልባቸዋል፤ ሲያልባቸው ደግሞ የባሰ ያበራሉ። ወንበራቸውም፣ ቤታቸውም፣ ምናልባትም አንገታቸው በዚያ ፊት ላይ ተንጠለጠለ።

አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። አጀንዳው «የፊት ወዝን ስለ መቆጣጠር» ነበር። «ዘይቱ የት ገባ?» የሚለው ጥያቄ በጊዜ እጥረት ምክንያት ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። ጤና ረዳቱ ሸረፈዲን ማብራሪያ እንዲሰጥ ተጋበዘ።

«የቆዳ ቅባት ፀሐይና አየር ሲያገኘው እንደ ከረመ ዘይት ይበላሻል» አለ። «ያ ነው ቀዳዳውን ደፍኖ ብጉሩን የሚያባብሰው። ብልሽቱን የሚከላከል ነገር በቅጠላ ቅጠል፣ በእርድ፣ በሎሚም ውስጥ አለ። አንቲኦክሲዳንት ይባላል።»

«በአማርኛ!» አሉ ሊቀ መንበሩ።

«ጸረ… ኦክሲዳንት።»

አዳራሹ ወደ በሩ ዞረ። በዚያ ዘመን «ጸረ» ከተባለ ስም ይከተላል፤ ከስሙ በኋላ ደግሞ የሚወስድ መኪና ይመጣል።

«ይሄ ኦክሲዳንት ከእኛ ወገን ነው?»

«የለም ጓድ፤ ቆዳ የሚያበላሽ ነው።»

«እንግዲያው ጠላት ነው በላ! ምን ያንተባትብሃል?»

ኦክሲዳንት በሙሉ ድምፅ ተወገዘ። «ይውደም!» ተባለ። ማንነቱን የጠየቀ የለም፤ ከዚያ በፊት ካወገዝናቸውም አብዛኞቹን አናውቃቸውም ነበር።

ቀጥሎ ቀፊራ ቃስል የምትሸጠው ኩልሚዬ ተጠራች። ቃስል የሶማሌ ሴቶች የቁርቁራ ቅጠል አድርቀው፣ ደቁሰው ፊታቸውን የሚያጸዱበት ዱቄት ነው። እርዱን ሁሩድ ይሉታል፤ ሲቀላቀልበት ፊት ቢጫ ይሆናል። ኩልሚዬ የሊቀ መንበሩን አገጭ ይዛ፣ ፍየል የምትገዛ ይመስል፣ ወዲያና ወዲህ አገላበጠች።

«አቦ፣ ይሄ ብዙ ነው» አለች። «በውሃ ለውስ፣ ቀባ፣ እስኪደርቅ አፍ ዝጋ። ከተናገርክ ይሰነጠቃል። ሲደርቅ ታጠብ። ዘይት ያለው ምግብ ደግሞ ተው።»

«ዘይት የት አለና ነው የምተወው?» አሉ ሊቀ መንበሩ ተቆጥተው።

«ወላሂ እኔ አላውቅም። ፊትህን ነው ያየሁት።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀትር ላይ ከሊቀ መንበሩ ግቢ ይሰማ የነበረው፣ እንደ መጥበሻ ቸስ ቸስ የሚለው ድምፅ ቆመ። ድምፁ የሬዲዮ ብልሽት ነው ተብለን ስለነበር፣ ሬዲዮው በመጠገኑ ሁላችንም ደስ አለን። «ሲደርቅ ታጠብ» የሚለውን ግን ኮሚቴው ሳይቀበለው ቀረ። ለጥቂት ጊዜ ሲቀቡት የሚጠቅም ነገር ቀኑን ሙሉ ቢቀቡት ምን ያህል ይጠቅም! ስለዚህ ሊቀ መንበሩ ቢጫ ተቀብተው፣ አፋቸውን ዘግተው ሰነበቱ። ስብሰባዎቻችን ሁሉ ከምሳ በፊት አለቁ። በቀበሌያችን ታሪክ ያን ያህል ፍሬያማ ጊዜ አልነበረም።

ተቆጣጣሪው የደረሰው በጠራራ ፀሐይ ነው። ወረፋው ላቡ ይንጠፈጠፋል። ሰውየው በቀጥታ ሄዶ ሰርካዲስ ፊት ቆመ።

«ይህ የሚያብረቀርቀው ምንድን ነው?»

«ላብ ነው ጓድ። ፀሐይ ያወጣው ነው።»

«ፀሐይ ያለውን ያወጣል እንጂ የሌለውን ከየት ያመጣል? መጀመሪያ ያስገባው ማነው?»

ሰርካዲስ አፏን ከፍታ ቀረች። ዝምታዋ እንደ እምነት ቃል ተቆጠረባት።

ከዚያ ወደ ሊቀ መንበሩ ዞረ። ቢጫ፣ ደረቅ፣ ጠብታ ወዝ የሌለበት ፊት።

«ጓድ ወልደጻድቅ፣ ዘይት ከቀመሱ ምን ያህል ሆነዎት?»

ጓድ አልተናገሩም፤ ይሰነጠቃላ! ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁ። ሁሩዱ ዓይናቸው ገብቶ ኖሮ እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። ተቆጣጣሪውም አብሯቸው አለቀሰ።

«ሕዝቡ ዘይቱን ጠጥቶ ሲያብረቀርቅ መሪው ገርጥቶ ያልቃል!» አለና ውሳኔ ሰጠ። ለሊቀ መንበሩ መጠገኛ አንድ በርሜል ዘይት በደብዳቤ ተፈቀደ። ወረፋው ግን ፊቱ ላይ ያለው ዘይት ከየት እንደመጣ እስኪያስረዳ ድረስ ምንም እንዳይሰጠው ታገደ። የሰርካዲስ ልጆች ትዝ አሉኝ። ቃለ ጉባኤው ላይ «በጭብጨባ ጸደቀ» ብዬ ጻፍሁ።

በማግስቱ ቀፊራ ላይ ለቃስል ተጋፋን። ማብራት ወንጀል ሆኗልና ሽማግሌው፣ ባልቴቷ፣ ጠመንጃ ያነገተው አብዮት ጥበቃ ሳይቀር ቢጫ ተቀባ። በሊቀ መንበሩ ግቢ ደግሞ ሬዲዮው እንደገና ተበላሸ፤ ቀትር በደረሰ ቁጥር ቸስ ቸስ ይላል። እሳቸው ቃስሉን ተዉት። ብጉሩም ወደ ቀድሞ ሥልጣኑ ተመለሰ።

ተቆጣጣሪው ውጤቱን ሊገመግም ተመልሶ መጣ። ቢጫውን ወረፋ አይቶ ስለ መታረማችን አመሰገነን። ይሄኔ ሰርካዲስ ከመጥበሻዋ ላይ ተነሣች። ፊቷ እንዳይሰነጠቅ ከንፈሯን እምብዛም ሳታላውስ፣

«ጓድ፣ እርስዎ ፊት አይተው ሌባ ይለያሉ ሲባል ሰምተናል» አለች። «እዚህ ካለነው ሁሉ የሚያበራው አንድ ሰው ብቻ ነው። ይመልከቱልን።»

ተቆጣጣሪው ዞረ። ጓድ ወልደጻድቅ ከጎኑ ቆመው ያበራሉ። ዓይኑን በእጁ ከልሎ ረጅም ጊዜ አያቸው። ከዚያ ለሰርካዲስ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው፣ በትዕግሥት መለሰላት።

«የእሳቸውማ በደብዳቤ የተፈቀደ ነው።»

ሰርካዲስ ተመልሳ መጥበሻዋ ላይ ተቀመጠች። መጀመሪያ የእሷ ፊት ተሰነጠቀ፤ ሳቅ አምልጧት ነበር። ከዚያ የጎረቤቷ፣ ከዚያ የአብዮት ጥበቃው፤ ስንጥቁ እስከ ወረፋው ጫፍ ድረስ ሄደ። ምን እንደሆነ መዝግብ ተባልሁ። «ወረፋው ያለ ፈቃድ ተሰነጠቀ» ብዬ ጻፍሁ።