የአለቱ አልጋዎች ምስጢር

ምስጢር መጠበቅ የታላላቅ ሰዎች ጌጥ ነው፤ በዚህ ረገድ አልጋ ሠሪውን አለቱን የሚስተካከለው የለም። ስሙን ያወጡለት «አልጋዬ አለት ነው!» እያለ ሲምል የሰሙት ደንበኞቹ ናቸው። ጎረቤቱ ልብስ ሰፊዋ ይህንኑ አምና አልጋ ገዝታ በተኛች በሳምንቱ፣ እግሯ ተሰብሮ ከስብርባሪው መሃል ተለቅማ ወጣች።

ከሰሰችው። ፍርድ ቤቱም «እስቲ መጀመሪያ ተነጋገሩ» ብሎ ወደ አስታራቂዋ ቢሮ ላካቸው። አስታራቂዋ በሩን ዘጋችና፣ «እዚህ የምትነጋገሩት ምስጢር ነው፤ ማስረጃ ሆኖ አይቀርብባችሁም። የሰው ሕይወት ወይም አካል አደጋ ላይ የሚወድቅበት ነገር ካልሆነ በቀር» አለች። አለቱ «ምስጢር» ከሚለው ወዲያ ያለውን አልሰማም። ደስታ ጆሮ ይደፍናል። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የእሱን ለማውጣት ግን አንድ ብርጭቆ ውሃ በቃ።

«እንግዲያው እውነቱን ላውጣው! እትዬ፣ አልጋሽ እንጨት አይደለም። የተጨመቀ ሰጋቱራ ነው፤ ቀለም ቀብቼው ነው።»

«አንተ የማትረባ! እኔ ውፍረቴ ነው ብዬ እራት ትቻለሁ እኮ!»

«ምን ይገርምሻል? ማዶ ላለው ክሊኒክ ያስገባሁትም ሁሉ እሱው ነው።»

አስታራቂዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ክሊኒክ? በሽተኛ የሚተኛበት?»

«ታዲያ ጤነኛ ሊተኛበት ኖሯል?»

«ይሄማ ምስጢር ሆኖ አይቀርም። ገና ስንጀምር ነግሬያችኋለሁ። አሁኑኑ ለክሊኒኩ ማሳወቅ አለብኝ።»

አለቱ ተነሥቶ መውጫውን በጀርባው ዘጋ። ያደረገው ንግግር ሐውልት ላይ ሊቀረጽ የሚገባው ነበር። «ወሰን ያለው ምስጢር ምኑን ምስጢር ሆነ? ቃል ቃል ነው! የወለደችኝ እናቴ እንኳ ብትሆን፣ ከዚህ ክፍል አንዲት ነገር አትሰማም!»

ስልኩ ጮኸ። እህቱ ነበረች።

«ወንድምዬ፣ እንዳትደነግጥ። እማማ ግፊቷ ተነሥቶባት ክሊኒክ አመጣናት፤ እዚሁ ማዶ ያለው። የአለቱ እናት ናቸው ብለው ሲንከባከቧት ብታይ! ካንተ አልጋዎች አዲሱን፣ ከፍ ያለውን መረጡላት። አሁን ሊያስተኟት ነው።»

የአለቱ ፊት ዐመድ መሰለ። «እንዳትተኛ! መሬት አንጥፉላት! ኧረ በፈጠራችሁ፣ እንዳትተኛ!»

በሩን በርግዶ ወጣ። ባለጉዳይ የሞላውን ኮሪደር እየገፋ፣ ደረጃውን እየዘለለ ወርዶ፣ መኪና ሳያይ አስፋልቱን ተሻገረ። «ሰጋቱራ ነው! ሁሉም ሰጋቱራ ነው! እኔው ነኝ የሠራሁት!» እያለ ይጮኻል። ታክሲ የሚጠብቀው ሁሉ ዞሮ አየው።

ልብስ ሰፊዋ በክራንቿ እየተደገፈች መስኮቱ ጋ ደረሰች፤ አንገቷን አውጥታ ተጣራች።

«አለቱ! ኧረ ቀስ በል! ምስጢር ነው እኮ!»