በሁዳዴ የመጣች ላም

የአገሬ ሰው ለበሽታ ያለው ትሕትና ይገርመኛል። በሽታ ሲመጣ ማንነቱን አይጠይቅም፤ ከየት ተነሣህ፣ ማን ወለደህ ሳይል በሩን ከፍቶ፣ መደቡን ለቆ፣ «የእግዜር ቁጣ ነው፣ ምን ይደረጋል» ብሎ ያስተናግደዋል። መድኃኒት የመጣ እንደሆነ ግን እንኳን ቤት ሊገባ ደጅም አያስቆሙት። ሰባት ትውልድ ይቆጠርበታል፤ እናቱ ማን ናት፣ ጾም ይጠብቃል ወይ ይባላል። ፈንጣጣ ይህን ሁሉ ዘመን አንኮበር ሲመላለስ አንድ ሰው «ለመሆኑ ክርስቲያን ነህ?» ብሎ ሲጠይቀው አልሰማሁም። ፊቴን ያያችሁ እንደምታውቁት እኔም በልጅነቴ አስተናግጄዋለሁ፤ ሲሄድ ሁለት ወንድሞቼን ይዞ ሄደ።

ይህን የምላችሁ አንጀቴ አርሮ ነው።

የቄስ ልጅ ነኝ። ዜማው አልገባኝ ቢል ከሲራራ ነጋዴ ጋር ወደ ባሕር ጠረፍ ወርጄ፣ የፈረንጅ ቋንቋ ለቃቅሜ ተመለስኩ፤ ከዚያ ወዲህ ፈረንጅ በመጣ ቁጥር አስተርጓሚው እኔ ነኝ። በዚያ ዓመት ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት አንድ ሐኪም በረሃውን አቋርጦ ከአንኮበር ሥር ካለው ገበያ፣ ከአልዩ አምባ ደረሰ፤ እኔም ላስተረጉምለት ወረድኩ። የፈንጣጣ መከላከያ እንደ ስንደዶ በቀጠኑ ብልቃጦች ይዞ ነበር፤ ሙቀቱ ሁሉንም አበላሽቶበት አንዲት ብቻ ተርፋለች። እሷንም ያሳደረን ነጋዴ፣ ኢብራሂም፣ «እንግዳ የያዘው ክፉ አይሆንም» ብሎ ልጁን ዘይነባን ሲሰጥ፣ ሐኪሙ ክንዷ ላይ ጫር አድርጎ አኖራት።

ይህ መድኃኒት ሕይወት አለው። በተከተበው ክንድ ላይ ያብጣል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ በስምንተኛው ቀን ይበስላል። በዚያ ቀን ተወስዶ ለሌላ ልጅ ካልተሰጠ ይደርቅና አለቀለት፤ ሌላ ለማምጣት ያን በረሃ ዳግመኛ ማቋረጥ ነው። እንደ እርሾ በሉት። ከቡኮ ወደ ቡኮ ካልተሻገረ ይሞታል።

መከተብ ለኛ አዲስ አይደለም፤ አባቶቻችንም ከበሽተኛው ቁስል ወስደው ጤነኛውን ይከትቡ ነበር። ያ ግን ራሱ ፈንጣጣው ነውና አንዱን ሲያድን አንዱን ይገድላል። ይሄኛው አይገድልም። አንኮበር ወጥቼ ይህን ስናገር፣ በደብረ ብርሃን ገበያ በሽታው ታየ ስለተባለ፣ ሰባት ስምንት ቤት ልጆቹን ሊሰጥ እሺ አለ። ከሁሉ ቀድማ እሺ ያለችው ጎረቤታችን ዘነበች ናት፤ ከሽፈራው ሌላ ልጅ የላትም። እኔም የአራት ዓመት ልጄን ደስታን ይዤ ልወርድ ነበር። ስምንተኛው ቀን ሰኞ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉን ቅጥሩ ውስጥ ሰብስቤ ነገ በማለዳ እንደምንነሣ ነገርኩ።

እዚህ ላይ ዝም ብል ምን ነበረበት? ዕውቀት ግን እንደ እከክ ነው፤ ካላከኩት አያስተኛም። አንዱ «ለመሆኑ ይሄ መድኃኒት ከምን ይሠራል?» ቢለኝ ጉሮሮዬን ጠርጌ ጀመርኩ። በባሕር ማዶ ላም የሚያልቡ ሴቶች ፈንጣጣ እንደማይዛቸው፣ ምክንያቱም ላሟ ጡቷ ላይ የምታወጣው ትንሽ ፈንጣጣ ቀድሞ ስለሚነካቸው፣ ትንሹም ትልቁን በር ላይ እንደሚመልሰው፣ ሐኪሞችም ይህን አይተው ከላሟ ወደ ሰው እንዳሻገሩት አስረዳሁ። ሊቃውንቱ ሰሞኑን ደግሞ የበሽታ ሁሉ ሥር በመነጽር ብቻ የሚታዩ ነፍሳት ሳይሆኑ አይቀሩም ይላሉ፤ ደግነቱ እሱን ለሌላ ቀን አቆይቼው ነበር። የላሟ ነገር ግን ወጥቷል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

«ላም?» አሉ ቄስ ተክሌ። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ደግ ሰው፣ ግን ነገር ካነሡ የማይጥሉ። «በሁዳዴ?»

«ልጆች ናቸው እኮ! ከሰባት ዓመት በታች ማን ይጾማል?»

«ልጁ አይጾም ይሆናል። የሚያስከትበው አባቱ ግን ይጾማል።»

«አይበላም አባ፤ ክንድ ላይ ነው የሚደረገው።»

«ሥጋው ውስጥ አይገባም?»

«ይገባል።»

«ታዲያ!»

ይሄው ሲገርመኝ ሌላው ተነሥቶ «የነኢብራሂምን እርድ የማንበላ ሰዎች ከልጁ ክንድ ልንቀበል ነው?» አለ። ከኋላ አንድ ቀልደኛ «ላም አለኝ በሰማይ» ብሎ ሰዉን አሳቀው። በመጨረሻ ነገሩ ጾሙ እስኪፈታ ይቆይ ተባለ። እስከ ፋሲካ እንደማይቆይ፣ ነገ ካልተወሰደ እንደሚሞት ለፈለፍኩ፤ «እግዜር ካለ ይቆያል» አሉኝ። ዘነበች የሽፈራውን እጅ ይዛ ሄደች። ለመንገዱ ያጠበችለትን ቀሚስ ለብሶ ነበር።

ቤት ስገባ ባለቤቴ አስካለ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። «ነገ ካልተወሰደ እንደ እርሾ ይሞታል አላሉም?» «አዎን» አልኳት።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ ዳግመኛ ልከራከር ቄስ ተክሌ ዘንድ ሄድኩ። ፀሐይ እስክትሞቅ ተከራክሬ፣ ተሸንፌ፣ ተናድጄ ስመለስ ቤቱ ባዶ ነው፤ አስካለም ደስታም የሉም። ያን ቁልቁለት እንዴት እንደወረድኩት ጉልበቴ ይንገራችሁ። ኢብራሂም ቤት ስደርስ ደስታ እጅጌዋ ተጠቅልሎ ከዘይነባ ጋር ቴምር ትበላለች። ሐኪሙ መርፌውን ይጠርጋል።

«አንቱ ሲከራከሩ መሽቶ ይቀር ነበር» አለች አስካለ። «እርሾ ስበደር ማንን አስፈቅጄ አውቃለሁ?»

ኢብራሂም ሳቀ። «ወላሂ፣ የኛም ሽማግሌዎች ሲያስለፉኝ ነው የሰነበቱት። ‹ላሟን ማን አረዳት? ቢስሚላህ ብሏል ወይ?› አሉኝ። ኧረ አልታረደችም፣ ስትታለብ ነው ብዬ ነው የገላገልኳቸው።»

በዚያው ሳምንት ፈንጣጣው አንኮበር ገባ። ያለ ጥያቄ ገባ። መጀመሪያ የተኛው ሽፈራው ነው።

በስምንተኛው ቀን የደስታ ክንድ ሲበስል ሐኪሙ ከአልዩ አምባ ወጥቶ እኛ ቤት ተቀመጠ። ደጁን ቀድሞ የረገጠ ማን ይመስላችኋል? ቄስ ተክሌ፣ ሁለት ልጆቻቸውን ይዘው።

«አባ፣ ሁዳዴ ገና አልወጣም እኮ» አልኩ፤ አላስችል ብሎኝ።

«እኔ ከላም አልወሰድኩ። ከእኅቴ ልጅ ክንድ ነው የምወስደው» አሉ።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ያ የእኅት ልጅ ክንድ ከማን ክንድ እንደተቀበለ ልናገር አፌን ስከፍት አስካለ እግሬን ረገጠችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የመድኃኒቱ ትውልድ ከቄስ ተክሌ ቤት ይቆጠር ጀመር፤ ላሟም ዘይነባም ተፋቁ። ሰዉም ልጁን እየጎተተ ተሰለፈ።

ሽፈራውን ሆሳዕና ሳይደርስ ቀበርነው። ለቅሶ ላይ ዘነበች አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ቁጣ የለባትም፤ ቁጣ ቢኖርባት በተሻለኝ። «አንቱ ላም ባይሉ ኖሮ ይዤው እወርድ ነበር» አለችኝ። እውነቱን ነው የተናገርኩት፣ ሰው ካልተረዳ እኔ ምን ላድርግ እያልኩ ራሴን ስንት ጊዜ አስረዳሁት። ራሴም እንደ አንኮበር ሰው ነው፤ አልቀበልም አለኝ። በሰዉ የምናደደውን ያህል በዚህ ምላሴ እናደዳለሁ።

ከፋሲካ በኋላ አንዲት ሴት ከጫጫ ወንዝ ማዶ ልጇን አዝላ መጣች። ደጃፌ ላይ ቆማ፣ የአንቀልባውን ጠፍር እንደያዘች፣ «ጌታዬ፣ ይሄ መድኃኒት ከየት የመጣ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ላሟ፣ አላቢዎቹ፣ በመነጽር የሚታዩት ነፍሳት፣ ሁሉም ምላሴ ጫፍ ላይ ተሰበሰቡ። የዘነበች ቤት ከደጃፌ ፊት ለፊት ይታያል።

«ከጎረቤት» አልኳት።

«ከጎረቤትማ ከሆነ» አለችና ልጇን አወረደች።