ከኋላ የሚያነቡ አንባቢ

"ሥራሽ ምንድን ነው?" ብሎ የሚጠይቀኝን ሰው እፈራለሁ። ነርስ ነኝ ብትሉ ሰው ወዲያው እጅጌውን ሰብስቦ ግፊቱን ያስለካችኋል። አስተማሪ ነኝ ብትሉ "እግዚአብሔር ያበርታሽ" ትባላላችሁ። እኔ ግን "ላይብረሪያን ነኝ" ስል ሰዉ ትንሽ ያስብና "እሺ፣ ሥራሽስ?" ይለኛል።

እናቴማ ከጅምሩ አልተዋጠላትም። ዩኒቨርሲቲ ስመደብ ለሶዶ ጎረቤት ሁሉ ጤና ነው የደረሳት ብላ አውርታ ጨርሳለች። እውነቱን የነገርኳት ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው። አራት ዓመት ሙሉ መጽሐፍ መደርደር ነው እንዴ የምትማሪው አለችኝ። እኔ ቁም ሳጥን የምደረድረው ማን አስተምሮኝ ነው አለች። እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ትመልሳላችሁ? ስመረቅ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ወደ ፊት ጠርተው ጸለዩልኝ። ፓስተሩ የተማርኩት ነገር ስሙ ቢጠፋባቸው ጊዜ፣ ጌታ ሆይ፣ ይህችን ልጅ በተማረችው ነገር ሁሉ ባርካት ብለው አለፉት። እኔም አሜን አልኩ።

አንድ ዓመት ቤት ተቀመጥኩ። ከዚያ ከሶዶ ወጣ ብላ ባለች አንዲት የወረዳ ከተማ ተመደብኩ። ስሟን አልጠራም። ጉኑኖ ናት የሚል ይኖራል፣ ቦምቤ ናት የሚልም አይጠፋም፤ ሁለቱም አይደሉም። ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ ከተማዋ በእኔ ምክንያት ስሟ አይነሳም።

ላይብረሪው አንድ አዳራሽ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ክረምት ላይ ዝናቡ ሲወርድ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን "ጸጥታ ይከበር" የሚለውን ማስታወቂያ የሚያከብረው የለም። የሚመጡት አብዛኞቹ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኞች ናቸው፤ የራሳቸውን ደብተር ይዘው መጥተው፣ የራሳቸውን ደብተር አንብበው ይሄዳሉ። ያስረከቡኝ ጡረታ የወጡት ጋሽ ብርሃኑ ናቸው። አባታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው እዚህ ልብስ ሲሰፉ ኖረዋል፣ እሳቸው ደግሞ ዕድሜያቸውን በሙሉ መጽሐፍ ሲያውሱ። ቀስ ብለው፣ አንድ በአንድ አስረዱኝ። እያንዳንዱ መጽሐፍ የኋላ ሽፋኑ ላይ የወረቀት ኪስ አለው፤ ኪሱ ውስጥ ካርድ አለ። የሚዋሰው ሰው ካርዱ ላይ ስሙን፣ ክፍሉንና የሚመልስበትን ቀን ጽፎ ይፈርማል። መጽሐፉ ሲወጣ ካርዱ ላይብረሪው ሳጥን ውስጥ ይቀራል፤ መጽሐፉ ሲመለስ ካርዱ ወደ ኪሱ ይገባል። እኔ ስምንት ጊዜ ያህል "አውቃለሁ፣ አውቃለሁ" አልኳቸው። የተማርኩ ነኛ!

ሁለት ሳምንት ሳይሞላኝ አንድ ሽማግሌ ዓይኔ ውስጥ ገቡ። በገበያ ቀን ነው የሚመጡት። ዱላቸውን በሩ ላይ ያስደግፋሉ፣ ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ፣ ከዚያ ቀጥ ብለው ወደ ጂኦግራፊ መደርደሪያ። አንድ መጽሐፍ ያወጣሉ። ከፊት አይከፍቱትም፣ ከኋላ ነው። የኋላ ሽፋኑን ገለጥ ያደርጋሉ፣ ትንሽ ያያሉ፣ ይመልሱታል። ሌላ ያወጣሉ፤ እንደዚያው። ግማሽ ሰዓት ያህል እንዲህ ሲሉ ይቆዩና አንገታቸውን ሰበር አድርገው ተሰናብተውኝ ይወጣሉ።

እኔ ሞኟ ሳቅሁ። ቦምቤ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ለሆነች የክፍሌ ልጅ ደውዬ፣ መጽሐፍ ከኋላ የሚያነብ አንባቢ አገኘሁ አልኳት። ዓረብኛ ለምደው ይሆናል አለችኝ። ተሳሳቅን። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባል የለ?

በዚያው ሳምንት ሥራዬን በዘመናዊ መንገድ ጀመርኩ። ወረዳው አንድ ኮምፒውተር ሰጥቶኛል፤ ውሰቱን ሁሉ እዚያ ላይ ልመዘግብ ነው። ታዲያ ካርድ ምን ያደርጋል? ትምህርት ቤት "ዊዲንግ" የሚሉት ነገር አለ፤ አረም መንቀል ማለት ነው። ያረጀውን፣ የማያገለግለውን ታወጣለህ፤ ቤቱ ይተነፍሳል። ሦስት ቀን ሙሉ ከእያንዳንዱ ኪስ ካርድ ስመዝ ዋልኩ። ሁለት ማዳበሪያ ሞላ። ወደ ጓሮ ወስጄ በጠራራ ፀሐይ አቃጠልኩት። ያዘዘኝ የለም፤ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ አላደርግም። እንዲያውም የባዶውን ኪስ ፎቶ አንስቼ ለቦምቤዋ ልጅ ልኬላታለሁ።

የገበያው ቀን ደረሰ፤ ሽማግሌው መጡ። የመጀመሪያውን መጽሐፍ ከኋላ ገለጡ፤ ባዶ። ሁለተኛውን ገለጡ። ሦስተኛውን። እጃቸው እየፈጠነ መጣ። በመጨረሻ አንዱን መጽሐፍ እንደያዙ ጠረጴዛዬ ድረስ መጥተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ።

"ልጄ፣ እዚህ ውስጥ የነበረው ወረቀት የት ሄደ?"

አቃጠልኩት አልኳቸው። ሁሉም ነገር ወደ ኮምፒውተር እንደሚገባ፣ ከእንግዲህ በወረቀት እንደማንቸገር በፈገግታ አስረዳኋቸው። ወንበር ስበው ተቀመጡ።

ጋሽ ሳና ይባላሉ። ዝንጅብልና ቦይና የሚሉትን ሥራሥር የሚያለሙ ገበሬ ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ጎረቤት ሲጣላ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ከአራት ሴቶች በኋላ የተወለደ እያሱ የሚባል አንድ ወንድ ልጅ አላቸው። እያሱ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት አልመጣለትም። አንድ ጠዋት ለማንም ሳይነግር ወደ ደቡብ አፍሪካ ሊሄድ ወጣ። ከሞያሌ አንዴ ደወለ፤ ደህና ነኝ አለ። ከዚያ ወዲህ ጊፋታ፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ሦስት ጊዜ አልፏል። በሦስቱም በዓል የእሱ ድርሻ ሥጋ ለብቻው ተቀመጠ፣ በሦስቱም ለጎረቤት ተሰጠ። ድምፁ አልተሰማም።

ደብተሮቹን ከመሄዱ በፊት ለጓደኞቹ አከፋፍሎ ጨርሷል። ፎቶው እንኳ ቤት ውስጥ አለ። ግን ፎቶውን ያነሳው ሌላ ሰው ነው አሉኝ ጋሽ ሳና፤ ጽሑፉ ነው የእሱ እጅ። ይህን ያወቁት ጋሽ ብርሃኑ ናቸው። ልጅህ እዚህ ነበር የሚውለው፣ ና ብለው አንድ የጂኦግራፊ መጽሐፍ ከኋላ ከፍተው አሳዩዋቸው። እያሱ ሳና። ፊርማ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየገበያው ቀን ልጃቸውን ሊያዩ ይመጣሉ።

ይቅርታ አልኩ። አልጮኹብኝም፤ ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር። ወላይትኛው አፋቸው ላይ ስለሚቀድም ሴቷንም ወንዱንም "አንተ" ነው የሚሉት። ያንን ትምህርት ቤት ያስተማሩንን አረም የመንቀል ነገር ለማስረዳት ስሞክር ሰሙኝና ተነሡ።

"አረም የሚነቅል ሰው መጀመሪያ ቡቃያውን ይለያል፣ ልጄ። አንተ አልለየህም።"

ዱላቸውን ይዘው ወጡ። ባርኔጣቸውን ረሱት።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። እኔ የሚለቀምም አላስተረፍኩም። ጓሮ ሄጄ አመዱን በእንጨት ቆፈርኩ። ከዚያ ደግሞ ያመለጠ ካርድ ካለ ብዬ ሁለት ቀን ሙሉ መጽሐፉን ሁሉ ከኋላ ስገልጥ ዋልኩ። ልክ እንደ እሳቸው። አሥራ አንድ ካርድ አገኘሁ፤ የሌላ ሰው ልጆች ናቸው። እያሱ የለም። ያን ጊዜ አለቀስኩ፤ አልዋሽም። አራት ዓመት ተምሬ ሥራ በያዝኩ በወሩ የአንድ አባትን ልጅ በእጄ አቃጠልኩ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ሶዶ ሄድኩ፤ ጡረታ ወጥተው ወደገቡበት፣ ጋሽ ብርሃኑ ቤት። የሠራሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። ከዚያ ጓዳ ገብተው አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ይዘው ወጡ። ውስጡ ካርድ ነው። ያላስረከብኩሽ ይህንን ነው አሉኝ፤ መጽሐፋቸው ያልተመለሰ ሰዎች ካርድ።

ለምን ደበቁት? በእኛ አገር ላይብረሪ መጽሐፍ ያልመለሰ ሰው ስሙ ከነአባቱ ተጽፎ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ትልቅ ከተማ ቢሆን ማን ያነበዋል? ትንሽ ከተማ ግን ወደ ገበያ የሚያልፍ ሁሉ ያነበዋል። እከሌ የእከሌ ልጅ፣ የመንግሥት ንብረት ይዞ ጠፋ ይባላል። ጋሽ ብርሃኑ ልባቸው ላልጨከነባቸው ሰዎች ካርዱን ከሳጥኑ አውጥተው ቤታቸው ያስቀምጡ ነበር። ይመልሳሉ ብለው።

ከቆርቆሮው ውስጥ አራተኛው ካርድ ላይ እያሱ ሳና የሚል አየሁ። ቀጥ ያለ፣ ደንበኛ ጽሕፈት። ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም፤ ከላይ የመጽሐፉን ርዕስ አነበብኩ። አትላስ ነው። የካርታ መጽሐፍ። ማጣቀሻ ነው፤ ማጣቀሻ ደግሞ ከላይብረሪ አይወጣም፣ የመጀመሪያ ዓመት ትምህርታችን ነው። ልጁ ለሁለት ቀን ብሎ ለምኗቸው ሰጡት። በማግስቱ ሄደ።

ለአባትየው ለምን እንዳላሳዩት ያኔ ገባኝ። ጋሽ ሳና ሰው ሲያስታርቁ፣ የሰው ነገር ነክቶ የማያውቅ ልጅ ነበረኝ ይላሉ አሉ። ጋሽ ብርሃኑም ይህንን አንሥተው መከሩኝ። ወይ የልጁን እጅ ትሰጫቸዋለሽ፣ ወይ የልጁን ስም ትጠብቂላቸዋለሽ፤ ሁለቱን አንድ ላይ አታገኚም አሉኝ። እኔ እስካሁን ስሙን ጠበቅሁላቸው፣ ያቃጠልሽው አንቺ ነሽና አሁን አንቺ ወስኚ አሉ።

ልሰጥ ወሰንኩ። በገበያው ቀን ካርዱን መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጬ በሩን ሳይ ዋልኩ። ጋሽ ሳና አልመጡም። በሚቀጥለውም አልመጡም። ምን ሊያዩ ይመጣሉ? ባርኔጣቸውንና ካርዱን ይዤ፣ በሞተር ሳይክል ተጭኜ ሰፈራቸው ሄድኩ።

እንሰታቸው መሐል ጎንበስ ብለው ሲቆፍሩ አገኘኋቸው። ባርኔጣውን ሰጠኋቸው፤ አመሰገኑ። ካርዱን ሳወጣ እጃቸውን ዘርግተው ነበር፤ ምን እንደሆነ ሲያዩ መልሰው ሰበሰቡት። ቆይ አሉኝ። ወደ ቤት ሄደው እጃቸውን በሳሙና ታጥበው፣ በጋቢያቸው አድርቀው መጡ። ከዚያ በሁለት እጅ ተቀበሉኝ። ስሙን በጣታቸው ሳይነኩ፣ ከላይ ከላይ ተከተሉት። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

ቀጥሎ ከላይ ያለውን አነበቡና አትላስ ምንድን ነው አሉ። አገሩን ሁሉ፣ መንገዱን ሁሉ የሚያሳይ መጽሐፍ ነው አልኳቸው። መለሰው? አሉኝ። መዋሸት ፈልጌ ነበር፣ እግዚአብሔር ያውቃል። አልመለሰም፣ ጋሽ ሳና አልኩ።

ራሳቸውን ይደፋሉ ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ካርዱን እያዩ ሞያሌ እዚያ ላይ አለ ወይ ብለው ጠየቁኝ። አለ አልኳቸው። ከሞያሌ ወዲያ ያለውስ? እሱም አለ።

"መመለሻውንስ ያሳያል?"

ያሳያል አልኳቸው፤ የሄዱበት መንገድ ነው መመለሻውም። ሎኦ አሉ፤ ጥሩ ነው ማለታቸው ነው። ዓይናቸው እንባ ሞላ።

ካርዱ የእርስዎ ነው፣ ይውሰዱት አልኳቸው። ደንገጥ ብለው አዩኝ። መልሰው እጄ ላይ አደረጉት።

"እኔ ከወሰድኩት መጽሐፉን ይዞ ሲመጣ በምን ትቀበለዋለህ?"

ትክክል ናቸው። መጽሐፉ እስኪመለስ ካርዱ ላይብረሪ ነው የሚቀመጠው። ጋሽ ብርሃኑ ሲያስረዱኝ አውቃለሁ ያልኩት ይሄንኑ ነበር። ከዚያ ጋሽ ሳና ቀኑን በጣታቸው አሳዩኝ። ቀኑ አልፏል አሉ። እኔ የሰው ሽማግሌ ነኝ፣ የልጄ ቀን አልፎ አይቀመጥም፤ ይራዘምለት።

አራዘምኩለት። አሁን ጋሽ ሳና በየአሥራ አምስት ቀኑ ይመጣሉ። ጠረጴዛዬ ፊት ይቀመጣሉ፤ ካርዱን አወጣላቸዋለሁ። መጀመሪያ የልጃቸውን ጽሑፍ ያያሉ። ከዚያ ከሥሩ አዲሱን ቀን በራሳቸው እጅ ጽፈው ይፈርማሉ። የፊቱ ገጽ ሞልቷል፣ የጀርባው እየሞላ ነው፤ ሲያልቅ ሌላ ካርድ እሰፋበታለሁ። እያሱ ሰሌዳ ላይ አልተለጠፈም፤ ከዚያ ወዲህ ቀኑ አልፎ ስለማያውቅ። የላይብረሪው ደንብ ግን አንድ ውሰት የሚራዘመው አንዴ ብቻ ነው ይላል። ደንቡን የጻፈው ሰው፣ ልጆቹ ሁሉ በየቀኑ ቤታቸው የሚገቡለት ሰው ይመስለኛል።