የሰባ ሁለቱ ሞተር ጥገና ዐቢይ ኮሚቴ

የሰው ልጅ ካፈራቸው ድንቅ ነገሮች ሁሉ ኮሚቴን የሚያህል እንደሌለ ለማወቅ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም፤ ሐይቅ ከተማ መምጣት ይበቃል። እዚህ ከተማ ውስጥ፣ ስሙን የማልጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት፣ በሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት ተገዝቶ፣ ከተበላሸ ወዲህ ለሃያ ሦስት ዓመት መጋዘን ውስጥ የከረመን አንድ ሞተር ሳይክል «በአነስተኛ በጀት፣ በላቀ ቁርጠኝነት» ወደ ሥራ ለመመለስ ሰባት አባላት ያሉት ዐቢይ ኮሚቴ አቋቁሞ ነበር። እኔ ባድሩ የዚህ ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ። ይህን የምናገረው ለመኩራራት አይደለም፤ መኩራቴ ግን አልቀረም።

ነገሩን የጫረችው ሀጀራ ናት። ሀጀራ የመሥሪያ ቤታችን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ስትሆን፣ ሥራዋ የክትባት ብልቃጥ በበረዶ ሣጥን ይዞ አምባሰል ተራራ ላይ ያሉትን ፍየሎች መከተብ ነው። ለመኪና የሚጠበውን ያን ዳገት በእግሯ አምስት ሰዓት ትወጣዋለች። በረዶው ደግሞ የሚቆየው ሦስት ሰዓት ነው። ስለዚህ ፍየሎቹ ዘንድ የሚደርሱት ሀጀራና ለብ ያለ ውኃ ነበሩ። ባለፈው ክረምት የፍየል ሳንባ በሽታ ገብቶ አንድ መንደር ሙሉ በረቱ ባዶ ቀረ፤ ሀጀራም ሳምንት ሙሉ የሞቱትን ስትመዘግብ ሰነበተች።

ስምንተኛው ቀን ላይ የኃላፊያችንን የአቶ ሙሐመድሁሴንን ቢሮ አንኳኳች።

«ጋሼ፣ መጋዘን ያለውን ሞተር ስጡኝ። ሰዑድ አይቶት፣ ካንዴላውን ቀይሬ፣ ካርቡራተሩን አጥቤ በሁለት ቀን አስነሣዋለሁ ብሎኛል።»

«ሰዑድ ማነው?»

«ባጃጅ የሚጠግነው። ከጂዳ የተመለሰው።»

«የብቃት ማረጋገጫ አለው?»

«መፍቻ አለው።»

አቶ ሙሐመድሁሴን መነጽራቸውን አወለቁ። መነጽር ሲያወልቁ ታሪክ እንደሚሠሩ ሁላችንም እናውቃለን።

«አብሽሪ እህቴ፣ ጥያቄሽ ተገቢ ነው። ነገር ግን በሁለት ቀን የሚነሣ ሞተር ጥናት ያልተደረገበት ሞተር ነው።»

በማግስቱ ኮሚቴው ተቋቋመ።

አሁን ስለ መጋዘኑ አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ። መጋዘኑ የታሸገው የዛሬ ስድስት ዓመት በንብረት ቆጠራ ላይ በተነሣ አለመግባባት ነው። በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፤ ወረቀቱ ላይ ማኅተም አርፏል፤ ማኅተሙን ለማንሣት ያሸጉት ሦስት ሰዎች ባንድነት መገኘት አለባቸው። አንደኛው ጡረታ ወጥተው ውጫሌ ገብተዋል፣ ሁለተኛው ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውረዋል፣ ሦስተኛው አቶ ሙሐመድሁሴን ናቸው። እርግጥ ነው፣ የመጋዘኑ የኋላ ግድግዳ ከሦስት ክረምት በፊት ተደርምሷል፤ ዶሮዎችም፣ ሰዑድም በዚያ በኩል ይገባሉ። የእሸጋ ደብዳቤው ግን የሚናገረው ስለ በሩ ነው። ስለ ግድግዳ አንድም ቃል የለውም፤ እኛም ከደብዳቤ አልፈን የምንሄድ ሰዎች አይደለንም።

በመሆኑም ኮሚቴው ሞተሩን ሳያየው ሥራ ጀመረ። ይህ ከባድ ነው፤ ያዩትን መጠገን ማንም ይችላል። በመጀመሪያው ወር የኮሚቴውን ስያሜ አጽድቀን ባነር ላይ አጻፍን። በሁለተኛው ወር የጎማ፣ የሞተርና የመቀመጫ ንዑሳን ኮሚቴዎችን አዋቀርን። የመቀመጫው ንዑስ ኮሚቴ ሰብሳቢ ለመሆን ትልቅ ፉክክር ነበር። በሦስተኛው ወር ለተሞክሮ ልውውጥ ደሴ ሄደን የሚሠሩ ሞተሮችን ጎበኘን፤ አስፋልት ዳር ቆመን ሲሄዱ አየናቸው፤ አበረታች ነበር። ስንመለስ ሐይቁ ዳር ዓሣ እየበላን ግብዓት አሰባሰብን። በጀቱ አነስተኛ ስለነበረ ከባነሩና ከዓሣው በኋላ ለካንዴላ የሚተርፍ አልተገኘም።

ሀጀራ እነዚህን ሁሉ ወራት ትጠብቅ ነበር ብል ቃለ ጉባኤውን ደስ ይለዋል፤ እውነቱ ግን ሌላ ነው። ኮሚቴው በተቋቋመ በሁለተኛው ሳምንት እሷና ሰዑድ ሞተሩን በፈረሰው ግድግዳ በኩል እየገፉ አወጡት። ሰዑድ የነዳጅ ጋኑ ውስጥ ከሐይቁ ዳር የለቀመውን ጠጠር ከናፍጣ ጋር ጨምሮ ዝገቱ እስኪለቅ ናጠው። እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ከአሮጌ ባጃጅ ፈታ። ዘይት እንዳያፈስ የሚያግደውን ስስ ማሸጊያ ከብስኩት ካርቶን ቀደደ። የተቀደደውን ወንበር በዓሣ አጥማጆች ናይለን ሰፋው። ለዚህ ሁሉ የጠየቀው ክፍያ፣ ሀጀራ የእናቱን ላም እንድታክምለት ብቻ ነው። ጥናት የሚባል ነገር አልነበረውም።

ሞተሩ ሲነሣ እኛ ስብሰባ ላይ ነበርን። ሦስት ጊዜ ተረገጠ፤ በሦስተኛው አስነጠሰና ከጭስ ማውጫው ከማርሚታው የስንት ዓመት የዶሮ ላባ ተፍቶ ግቢውን አለበሰው። ሀጀራ የበረዶ ሣጥኗን ከኋላ አስራ፣ ሻሿን አጥብቃ፣ በመስኮታችን ሥር እየሳቀች አለፈች። ደስ አለኝ፤ እንደ ልጅ ደስ አለኝ። አጠገቤ ወደተቀመጡት ወደ ንብረት ክፍሏ ወይዘሮ ለተብርሃን ጠጋ ብዬ፣

«ያ ሞተራችን አይደለም?» አልኳቸው።

«ነው። አጀንዳው ውስጥ አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያ አላየኸውም።»

አላየሁትም። አራት ወር ሙሉ፣ በየሳምንቱ፣ አላየሁትም።

ከዚያ ያልታሰበ ነገር መጣ። በሩብ ዓመቱ ሪፖርት ላይ ከተራራው አንድም የሞተ ፍየል አልተመዘገበም። አቶ ሙሐመድሁሴን ይህን «የሞተር ጥገና ዐቢይ ኮሚቴው ገና በሥራ ላይ እያለ ያስገኘው ቀዳሚ ውጤት» ብለው ጻፉ። የበላይ አካል በጣም ተደስቶ ሞተሩን መርቄ አስነሣለሁ አለ።

ድንኳን ተተከለ። ጡረተኛው ከውጫሌ በባጃጅ መጡ፤ የተዛወሩትም አበል ተቆርጦላቸው ደረሱ። ንግግር ተደረገ። አቶ ሙሐመድሁሴን «ዛሬ የሚነሣው ሞተር ብቻ ሳይሆን የአስተሳሰብ ከፍታችን ነው» ሲሉ ተጨበጨበ። ሦስቱ ሰዎች ማኅተሙን በክብር ላጡት፤ ከበላይ አካል የመጡት እንግዳ በሩን ከፈቱት።

ውስጥ አራት ዶሮዎች ነበሩ። ከዶሮዎቹ ባሻገር፣ ግድግዳ በነበረበት ቦታ፣ ሐይቁ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«ማሻአላህ፣ እንዴት ያለ እይታ ነው» አሉ እንግዳው። ቀጥለውም፣ «ሞተሩስ?»

ሞተሩ ያን ጊዜ በግቢው በር ገባ። ሀጀራ ከፊት፣ ከተራራው የመጡት አዛውንት ጋሽ ሀሚዱ ከኋላ፣ በጋሽ ሀሚዱ እቅፍ ውስጥ ደግሞ ለሰዑድ ስጦታ የታሰበች ጥቁር ግልገል።

«ይሄ ነው?» አሉ እንግዳው።

«ይመስላል፤ ሊሆን ግን አይችልም» አሉ አቶ ሙሐመድሁሴን። «የእኛ ገና አልተጠገነም።»

ጋሽ ሀሚዱ ከነግልገላቸው ወረዱ። «ኧረ ወላሂ እሱው ነው። አራት ወር ሙሉ ቤታችን እየመጣ። አላህ ይስጣችሁ፣ በረታችንን ያተረፋችሁት እናንተ ናችሁ።»

«አባባ፣ እንደዚያ አይበሉ። ገና ምንም አላደረግንም» አሉ አቶ ሙሐመድሁሴን። በአራት ወር ውስጥ ከአፋቸው የወጣ ትክክለኛ መረጃ ይኸው ነበር።

በሦስተኛው ቀን ለሀጀራ ደብዳቤ ደረሳት። «በሂደት ላይ የሚገኝን ጥገና በመቅደም፣ ያልተጠገነ ሞተር ሲያሽከረክሩ የተገኙ ስለሆነ፣ ንብረቱን ወደ ነበረበት ብልሽት መልሰው በአስቸኳይ እንዲያስረክቡ» ይላል። ሀጀራ ሁለት ጊዜ አነበበችው። በሚቀጥለው ሰኞ የተራራው ፍየሎች ሁለተኛ ዙር ክትባት ነበረባቸው፤ ደብዳቤውን ይዛ አቶ ሙሐመድሁሴን ቢሮ ገባች።

«ጋሼ፣ ወደ የትኛው ብልሽት ልመልሰው? ብዙ ነበረበት።»

አቶ ሙሐመድሁሴን ጥያቄውን ለሞተር ንዑስ ኮሚቴ መሩት። ሰዑድ ግን ነገሩን አቀለለው፤ ካንዴላውን ፈትቶ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ ለወይዘሮ ለተብርሃን በፊርማ አስረከበ። ካንዴላው ካዝና ገባ። ሞተሩ በፊት በር መጋዘን ገባ። ሦስቱ ሰዎች በሩን እንደገና አሸጉ፤ ሞተሩም በይፋ ተበላሸ። ስለ ግድግዳው የተነሣ ሐሳብ አልነበረም።

ሰኞ ጠዋት ኮሚቴው ተሰበሰበ። የዕለቱ አጀንዳ «ሞተሩ ያለበትን የብልሽት ደረጃ መለየት» የሚል ነበር። አቶ ሙሐመድሁሴን ንግግራቸውን እንደጀመሩ ከመጋዘኑ ጀርባ የመርገጫ ድምፅ ተሰማ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። በሐይቅ ከተማ አሮጌ ባጃጅ አንድ ብቻ አይደለም፤ ካንዴላም እንዲሁ። ሞተሩ አስነጠሰ፣ ተንጎራጎረ፣ በመስኮታችን ሥር የበረዶ ሣጥን ጭኖ ወደ ዳገቱ ታጠፈ። ሰባታችንም ጠረጴዛውን አየን።

«ባድሩ» አሉኝ አቶ ሙሐመድሁሴን፣ «መስኮቱን ዝጋልን። በዚህ ድምፅ ስለ ሞተሩ መነጋገር አልቻልንም።»

ተነሣሁ። ድምፁ ዳገቱን ይዞ እስኪርቅ ድረስ ግን መስኮቱ አልዘጋ ብሎኝ ቆየ።