ግሪሳ ያባረረው አልበም

ወገን፣ ዛሬ በጠራራ ፀሐይ "ጂኒ ሰፍሮበታል" ተብዬ ውሃ ተደፋብኝ! የደፋብኝ ደግሞ ማን መሰላችሁ? የወደፊት አማቴ!

ቆይ፣ ሳትስቁ ከሥሩ ልጀምርላችሁ።

ሀያት ላገባት የምፈልጋት፣ መርሳ አጠገብ ካለችው ከግራና የሆነች የገበሬ ልጅ ናት። በሚቀጥለው ሳምንት ሽማግሌ ልልክ ነው። አባቷ ጋሽ ይመር ግን ስለኔ ሲጠየቁ አንድ ነገር ብቻ ነው ያሉት። "ከተሜ ነው።"

በቃ! ወልድያ ሱቅ ከፍቼ ኮምፒውተር መጠገኔ፣ ጸባዬ፣ ሶላቴ፣ ሁሉም በዚች ቃል ገደል ገባ።

ሀያት መላ ዘየደች። "ማሽላው እሸት ይዟል፣ ግሪሳ ወፍ አስቸግሯቸዋል። አንድ ቀን ሄደህ ጠብቅላቸው። ሥራ እንደምትወድ ያያሉ" አለችኝ።

"ወፍ ማባረር ምን ይከብዳል?" አልኩ። (ይቺን አነጋገር ያዙልኝ።)

አሁን ወደ ሚስጥሬ። እኔ ሮክ እሰማለሁ። ተራውን አይደለም፤ የበረሃ ሮክ የሚሉትን፣ ከባዱንና ሳይኬደሊክ የሚባለውን፣ ሰው ጭልጥ አድርጎ የሚወስደውን። ወሎ ተወልዶ? አዎ፣ ወሎ ተወልዶ! ሰው አበደ እንዳይለኝ ሁለት ዓመት ሙሉ በሄድፎን ብቻ ነው የሰማሁት። ሀያት እንኳ አንዴ ሰምታ "ሙዚቃ ነው ጄኔሬተር?" ብላኛለች።

ሰሞኑን ያገኘሁት አልበም ግን... እንዴት ብዬ ልንገራችሁ! ሽፋኑ ላይ አሸዋና አንዲት ቀይ ፀሐይ ብቻ። ጊታሩ ወፍራም ነው፣ ደረት ውስጥ ነው የሚሰማው። ሦስተኛው ሙዚቃ አንድ ዜማ ይጀምርና እሱኑ ይደጋግማል፣ ይደጋግማል፣ "አሁንስ ሰለቸኝ" ልትሉ ስትሉ ከሥሩ ሌላ ጊታር እየተጥመዘመዘ ይወጣል። በግንቦት ከውርጌሳ ወደ መርሳ ስትመጡ አስፋልቱ ከፊታችሁ ውሃ መስሎ ሲንቀጠቀጥ አይታችሁ የለ? እሱን ነው የሚጫወቱት! የኛን የሀብሩ ወረዳ ሙቀት ሳያዩ እንዴት አወቁት?

ደስታ ነው። ንጹህ ደስታ።

ዛሬ ጠዋት ከወልድያ በሚኒባስ መርሳ፣ ከመርሳ በባጃጅ ግራና። ጋሽ ይመር ወንጭፍ ሰጥተው ማማው ላይ አወጡኝ። ማማ ለማታውቁ፣ ከማሽላው በላይ ከእንጨት የተሠራ መጠበቂያ ነው። እዚያ ሆነህ ትጮሃለህ፣ ድንጋይ ትወነጭፋለህ። አንተ ዝም ካልክ የጎረቤትም እሸት ይበላል።

"አብሽሩ ጋሼ!" አልኳቸው። በወንጭፉ መጀመሪያ የመታሁት የራሴን ጉልበት ነው።

አንድ ሰዓት ጮህኩ። ጉሮሮዬ ተዘጋ። ወፎቹም ጋብ አሉ። "አንድ ሙዚቃ ብቻ" ብዬ ሄድፎኔን ጆሮዬ ላይ አደረግኩ።

አንድ ብቻ!

ሦስተኛው ላይ ስደርስ ዓይኔ ተከድኗል፣ ራሴ ይወዛወዛል፣ እጄ አየር ላይ ከበሮ ይመታል።

የጎረቤቱን ማሽላ የሚጠብቁት እት ዘሀራ ከማማቸው ሆነው ይሄን ያያሉ። (በኋላ ነው የነገሩኝ።) "ኧረ ድረሱ! ያ የወልድያው ልጅ ተለከፈ!" ብለው ጮሁ። የአካባቢው ጠባቂ ሁሉ ወንጭፉን ጥሎ ወደኔ ሮጠ። እኔ ምን ልስማ? ጊታሩ እየተጥመዘመዘ ነው!

ከዚያ ውሃ!

ዓይኔን ስገልጥ ጋሽ ይመር የማማው መሰላል ላይ ቆመዋል፤ በአንድ እጃቸው ለሶላት የሚታጠቡበትን የውዱእ ማንቆርቆሪያቸውን ይዘው ቁርኣን ይቀሩብኛል። ከሥር ሰው ከቦኛል። ሄድፎኑን ሳላወልቅ፣ ባለ በሌለ ድምፄ "ምንም አልሆንኩም!" ብዬ ጮህኩ። እት ዘሀራ ይባስ ብለው ወደ ኋላ ሸሹ።

አወለቅኩት። ጋሽ ይመር ኮስተር ብለው ጠየቁ።

"ማነህ?"

"ከማል ነኝ ጋሼ።"

"ከየት መጣህ?"

"ከወልድያ። በሚኒባስ።"

እንዲህ ያለ ጂኒ አጋጥሟቸው አያውቅም መሰለኝ፣ ማንቆርቆሪያቸውን ዝቅ አደረጉ።

ዝም ሲባል ነው ነገሩ የተሰማው። ፍርርርር! ሁሉም እኔን ሊያድን ሲመጣ ግሪሳው የሁሉንም ማሽላ ወሮታል። የሰው ልፋት በኔ ምክንያት ሊበላ! ሽማግሌ መላኩ ይቅርና ግራናን ዳግም መርገጤም አጠራጠረኝ።

ወንጭፍ የያዘ አንድ ሰው የለም። ቦርሳዬ ውስጥ ግን ስፒከር አለ፣ አልበሙ ያለበት ፍላሽ ተሰክቶበታል። በሰው ፊት ከፍቼው አላውቅም። ከዚህ በላይ ምን እዋረዳለሁ ብዬ እስከ መጨረሻው ለቀቅኩት።

ጊታሩ ሲያጓራ ግሪሳው በአንዴ ተነሳ። ሰማዩ ጠቆረ። ከዚያ ወደ ማዶ፣ ወደ ወንዙ ሄደ!

ሙዚቃው ብቻ ቀረ። "አጥፋው" እስኪሉኝ ጠበቅኩ። ጋሽ ይመር ግን አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ይሰማሉ።

"ዘፋኙ የታለ?"

"የለውም ጋሼ። መሣሪያ ብቻ ነው።"

"ደግ ነው። ቃል ከሌለው ማንንም አይሳደብም።" መሰላሉን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ። "በጎረምሳነቴ አፋር ወርጄ ግመል ተከትያለሁ። አረማመዱ ይሄው ነው። አይቸኩል፣ አይቆም።"

ወላሂ፣ ስለዚህ አልበም ስንቱን አንብቤያለሁ፤ እንዲህ አድርጎ የገለጸው ግን የለም። እንባዬ መጣ። (ውሃው ነው አልኳቸው።)

ደረቴን ነፍቼ ተመልሼ ልቀመጥ ስል፣ "ስፒከሩን ተወው። አንተ ሂድ" አሉኝ።

አዎ! ስፒከሬ ተቀጠረ፣ እኔ ተባረርኩ!

ሸሚዜ ሳይደርቅ መርሳ መናኸሪያ ደረስኩ። ሀያት ደወለች። ሳቋ አላናግራት ብሏል።

"አባባ ሽማግሌዎቹ ይምጡ ብለዋል።"

መናኸሪያው መሀል ዘለልኩ! ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ፣ ይየኝ!

"ግን ባዶ እጃቸውን እንዳይመጡ" አለች። "ቻርጀሩን ይዘው ይምጡ ብለዋል።"

እና እባካችሁ፣ ሽማግሌ ልካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ፦ ቻርጀሩ የሚቀርበው ከዱዓው በፊት ነው ወይስ በኋላ?