አዞን በወረቀት የሚገራው ሰው

አዞን በወረቀት የሚገራ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ከአራተኛ ክፍል ያላለፍኩት እኔ ባሮ ወንዝ ዳር ልብስ ሳጥብ አግኝቼዋለሁ። ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ ጨዋ ተመራማሪ ነው፣ ሰላምታው ራሱ ግማሽ ቀን ይፈጃል።

እኛን ሴቶቹን ሰብስቦ ወረቀቱ ላይ እንደ እባብ የሚጠማዘዙ ሁለት መስመሮች አሳየን። አንዱ ዓሣ ነው፣ ሌላው አዞ። ዓሣው ሲበዛ አዞው ይበዛል፤ አዞው ሲበዛ ዓሣው ያልቃል፤ ከዚያ አዞውም ይቀንሳል። መቼ ማጥመድ፣ መቼ መተው እንዳለብን ሒሳቡ ከነገረን ሁለቱም አደብ ይገዛሉ አለን። አዞው ይህን ሰምቶ ይሆን?

እኛ እናቶች ልጅ ወደ ውሃው ከመግባቱ በፊት ዳርቻውን በዱላ እንመታለን። እሱ ግን «አዞዎቹን እየቆጠርኳቸው ነውና አታስደንግጡብኝ» አለ።

«ዓሣው አልቆ አዞው እስኪቀንስ ድረስ ምን ይበላል?» አልኩት።

«ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እናታችን» ብሎ ወረቀቱን አገላበጠ።

«ልጄ አሪየት ውሃ የምትቀዳው ከዚሁ ነው። እሷ የትኛው መስመር ላይ ናት?»

«ሰው አላስገባሁም። ሰው ከገባ ስሌቱ ይወሳሰባል።»

ጎረቤቴ «ታዲያ ሰው እንዳላስገባህ ለአዞውም ንገረው» አለችው። ሁሉም ሳቁ።

ቧንቧችን ከደረቀ ሰንብቷል። በማግስቱ አሪየት ጀሪካኗን አንስታ ብቻዋን ልትወርድ ተነሳች። «ቆዪ፣ አብሬሽ ልምጣ» አልኳት።

«ምን ያስፈራሻል፣ እማ?» አለችኝ። «አዞው ይቀንሳል ተብሏል እኮ።»